እውነተኛውን የበግ አይብ ለይተው ላሳወቁን ለኦቦ መርጋ

ሐምሌ 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኦቦ መርጋ ዲንሳ
የምግብ ምርት ምንጭ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አምቦ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እላለሁ። የሐምሌው ጭቃ ጫማዎን፣ የባለጉዳይ እሮሮም ልብዎን ሳይነካው ክረምቱን በሰላም እንዲያሳልፉ፣ ወንበርዎም እስከ ዛሬ እንደተመቸዎት ወደፊትም እንዲመችዎት ከልብ እመኛለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ አሰፋሽ ውባየሁ እባላለሁ። እዚሁ አምቦ ሃያ ስድስት ዓመት ባልትና አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ስሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ገበያ ከመውጣት በቀር ከመንግሥት ቢሮ ጋር የሚያነካካ ጉዳይ አልነበረኝም። ደብዳቤውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ማድረጌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ በታሸገ ፖስታ የላክሁልዎት አራት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤትዎ ገብተው ስለቀሩብኝ ነው።

በመጀመሪያ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። የካቲት መግቢያ ላይ በገበያው በርና በየሱቁ ግድግዳ ላይ ያስለጠፉት «ሸማቹ እውነተኛውን የደንዲ የበግ አይብ የሚለይባቸው አምስት መስፈርቶች» የሚለው ማስታወቂያ፣ እኔን የመሰለችውን ዕድሜዋን ሙሉ ስለ ምግብ ስታስተምር የኖረች ሴት ምንም እንደማታውቅ በአንድ ገጽ አሳውቆኛል። ከዚያ በፊት አይብ የምለየው በዓይኔ፣ በአፍንጫዬና በምላሴ ነበር።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ እንዲገባው ድንቅቱን ላስተዋውቅ። አዴ ድንቅቱ ጉደታ ከደንዲ ሐይቅ በላይ ካለው ዳገት ላይ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት የአርባ አምስት ዓመት ገበሬ ናት። በዕድሜ ስለምበልጣት አንቺ እላታለሁ፤ እሷ ግን እትዬ ትለኛለች። ላሞቿ በአንድ ክረምት በበሽታ አልቀውባት አስራ አንድ እናት በጎች ብቻ ሲቀሯት፣ አንድ የእንስሳት ባለሙያ ወደ ቀበሌያቸው መጥቶ በግ ማለብንና ከወተቱ ጠንካራ አይብ ማውጣትን ለሃያ ሁለት ሴቶች ሦስት ሳምንት አስተማረ። ባለሙያው ሲሄድ ሃያ አንዱ ተዉት። በግ ማለብ በአገሩ የተለመደ ስላልሆነ ሰው ይስቅባቸው ነበርና አልፈርድባቸውም። በድንቅቱም ዘመዶቿ ሳቁባት፤ በጸሎት ቤት እንኳ አጠገቧ የሚቀመጡት ሴቶች በግ በግ ትሸቻለሽ ይሏት እንደነበር ነግራኛለች። እሷ ግን ቀጠለች።

ከአንዲት በግ በቀን አንድ ብርጭቆ ወተት ቢገኝ ነው። የአስራ አንዱን አጠራቅማ፣ የሚያረጋውን ከታረደ ግልገል ጨጓራ ራሷ አዘጋጅታ፣ ከሰንበሌጥ በሰፋቻቸው ትንንሽ ቅርጫቶች እያጠለለች፣ ጨው ነስንሳ ሁለት ወር ቆጥ ላይ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በባልዲ ይዛው ከጊንጪ በሚኒባስ አምቦ ትመጣለች። «ባዱ ሆላ» ትለዋለች በቋንቋዋ፤ የበግ አይብ ማለት ነው።

እኔ መጀመሪያ ያገኘኋት በ2001 ዓ.ም. ገበያው በር ላይ ነው። የበግ አይብ ስትለኝ የምትቀልድ መስሎኝ «እንዴት አድርጌ ልመንሽ?» አልኳት።

«አይመኑኝ» አለችኝ፤ «ይያዙት።»

በእጄ ያዝኩት። ቀለሙ እንደ ጥሬ ጥጥ ደብዘዝ ያለ ነው። ልጡ ላይ የቅርጫቱ ስፌት አሻራ አለ፣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። በመዳፌ ትንሽ ሲቆይ እንደ ሰው አላበው፤ የበግ ወተት ቅባቱ ብዙ ስለሆነ ነው አለችኝ። ሳሸተው ዝናብ የነካው የበግ ፀጉር ሸተተኝ። ስትቆርጠው ተፈረፈረ እንጂ እንደ ማስቲካ አልተሳበም። ስቀምሰው መጀመሪያ ጨው፣ ቀጥሎ የሆነ ጣፋጭ ነገር፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮዬን ያዝ የሚያደርግ ነገር መጣ።

«ሌላም ምልክት አለው» አለችኝ። «በጎቹ ሳይወልዱ አይታለቡም። ዓመቱን ሙሉ አለኝ ካልኩዎት ውሸቴን ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንበኛዋ ሆንኩ። የዩኒቨርሲቲው መምህራን፣ ለጠበል ውሃውና ለፍልውሃው የሚመጡ እንግዶች፣ አንድ ሁለት ሆቴሎችም ለመዱት። ወተቱ በብዛት የሚገኘው እኔ ሁዳዴ በያዝኩበት ወራት ነውና፣ የእኔን ድርሻ በጨርቅ ጠቅልዬ ለፋሲካ አስቀምጥ ነበር። የሚሸት ነገር አስቀመጥሽ ብሎ ያማረረ ጎረቤት የለኝም።

ወደ መስፈርቶቹ እመለሳለሁ፤ ቅሬታዬንም ለሥራ እንዲመችዎ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ማስታወቂያዎ እውነተኛ የበግ አይብ «ቀለሙ ንጹሕ ነጭ፣ ሽታ የሌለው፣ መጠኑና ቅርጹ አንድ ወጥ» ነው ይላል። ክቡር ሆይ፣ ይህ መግለጫ ሳሙናን ደህና አድርጎ የሚገልጽ በመሆኑ ጽሕፈት ቤትዎ ወደፊት ሳሙና መቆጣጠር ሲጀምር አዲስ ማስታወቂያ ለማሳተም ወጪ አይኖርበትም።

2ኛ. «በገበያ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ የሚገኝ» ይላል። በጎቻችን በየወሩ እንዲወልዱ የሚያዝ መመሪያ አብሮ ስላልወጣ ይህን ማሟላት አልተቻለም።

3ኛ. «የበግ ሥዕል ያለበት የታተመ ማሸጊያ ያለው» ይላል። ይህ የሁሉም ራስ ነው። በዚያው ሰሞን በዋናው መንገድ ዳር አንድ ሱቅ «የደንዲ የበግ አይብ» የሚል፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ ወፍራም የፈረንጅ በግ የታተመበት፣ ጡብ የመሰለ ነገር መሸጥ ጀምሮ ነበር። ማስታወቂያዎ ላይ ያለው ፎቶግራፍም የዚሁ ነው። ለማወቅ ስል አንዱን ገዛሁ። ባለሱቁ ኢብሳ የድሮ ተማሪዬ ወንድም ነውና «እውነት የደንዲ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ቲቸር፣ እኔ በግ የት አውቄ» አለኝ። «ከአዲስ አበባ በካርቶን ይመጣልኛል። ሳምንት አርባ ሃምሳ ይሸጣል።»

ሳምንት ሃምሳ እንዲህ ያለ አይብ ለማውጣት ድንቅቱ ከሦስት መቶ በላይ በግ ማለብ ነበረባት። ቤቴ ገብቼ መነጽሬን አድርጌ የማሸጊያውን ጀርባ አነበብኩ። ከታች፣ የጉንዳን ዓይን በሚያህል ፊደል፣ «የላም ወተት ዱቄት፣ የአትክልት ዘይት፣ ጨው፣ ማርጊያ» ይላል። የሠራው ሰው አልዋሸም፤ ከኋላ ጽፎታል። ይህንኑ ይዤ ቢሮዎ ስገባ በትሕትና ተቀብለውኝ፣ ማሸጊያውን አገላብጠው አይተው፣ «እትዬ፣ የእኛ ማረጋገጫ የሚመለከተው የፊት ለፊቱን ገጽ ነው» ብለው መለሱልኝ። የኋላውን የሚመለከተው የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ስጠይቅዎ ስልክዎ ጠራ።

4ኛ. ይህኛውን በቀልድ መጻፍ አልቻልኩም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የካቲት 24 ቅዳሜ ድንቅቱ አስራ አራት አይብ ይዛ መጣች። ሁለት ወር የጠበቀችው፣ የታኅሣሥ ወተት ነው። እኔ አጠገቧ ቆሜ የእኔን እየመረጥኩ ነበር። የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ አቶ ወሰኑ ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር መጥተው ማስታወቂያውን ከኪሳቸው አወጡና አይቡን አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ጀመሩ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ክፉ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ነጭ አይደለም አሉ፣ ጻፉ። ይሸታል አሉ፣ ጻፉ። ማሸጊያ የለውም አሉ። ድንቅቱ ኮባውን አሳየቻቸው።

«ቅመሱት፣ ኦቦ» አለቻቸው። «አንድ ጊዜ ብቻ ቅመሱት። ካልሆነ ውሰዱት።»

«አዴ፣ መቅመስ መስፈርቱ ውስጥ የለም» አሏት። «እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም።»

ደስ እንዳላላቸው አይቻለሁ። ቢሆንም አስራ አራቱንም መሬት ላይ አስደርድረው፣ ማንም አንስቶ እንዳይበላው ነጭ ጋዝ አፈሰሱበት። ድንቅቱ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የኮባውን ቅጠሎች አንድ በአንድ አራግፋ አጣጠፈችና ባልዲው ውስጥ ከተተቻቸው፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ይሆናሉ ብላ ይመስለኛል፣ ወይም እጇ ሥራ ፈልጎ ይሆናል። ሰዉ ቆሞ ያያል። «ሐሰተኛ ነው አሉ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእጇ የገዛ ሰው ነው እንዲህ ያለው። ያን ዕለት ጋዝ የጠጣው አይብ ብቻ አልነበረም፤ ስሟም አብሮ ነው።

5ኛ. አቤት አልን። ከሁለት ጊዜ «ሰኞ ኑ» በኋላ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በመጀመሪያ ስብሰባው «በግ ለሰው ምግብነት የሚውል ወተት መስጠቷ በተጨባጭ ይረጋገጥ» ብሎ ወሰነ። እዚህ ላይ የጥንቃቄዎን ጥልቀት አደንቃለሁ። በዚሁ መሠረት መጋቢት 11 ቀን ማክሰኞ ድንቅቱ ከበጎቿ ሁሉ ወተተኛዋን መርጣ፣ ግልገሏን ጎረቤት ትታ፣ በጓን አይሱዙ ላይ አሳፍራ ወደ ቢሮዎ መጣች። እኔም ተገኝቻለሁ። አምስት የኮሚቴ አባላት ከረባት አድርገው ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ድንቅቱ ተንበርክካ፣ በጓን በግንባሯ ደገፍ አድርጋ፣ በአፏ የሆነ ነገር እያንጎራጎረች አለበች። ወተቱ ጣሳውን እየመታ ሲወርድ ከኮሚቴው አንዱ ሳያስቡት «ወይ ጉድ» አሉ።

ቃለ ጉባኤው ግን እንዲህ ይላል፤ ግልባጩ እጄ ላይ አለ፦ «ነጭ ፈሳሽ ከእንስሳዋ መውጣቱ ታይቷል። የፈሳሹ ምንነትና ከአይቡ ጋር ያለው ግንኙነት በቀጣይ ይጣራል።»

ይህ ሁሉ ባለፈ ነበር። ድንቅቱ በጓን ይዛ ልትወጣ ስትል የግቢው ጥበቃ፣ ወደ ግቢው የገባ ንብረት ያለ ኃላፊው ፊርማ አይወጣም አሏት። በጓ ጠዋት ስትገባ በንብረት መዝገብ ላይ «በግ፣ አንድ፣ ነጭ» ተብላ ተመዝግባለች። እርስዎ ደግሞ ከቀትር በኋላ ጉደር ለስብሰባ ሄደዋል። ተወካይዎ እንዲህ ላለው ንብረት ውክልና እንዳልተሰጣቸው ነገሩን። በጓ አጥር ላይ ታስራ ቀረች። «እሺ ትደር፤ ግን ልለባት፤ ጡቷ ይሞላል» ብላ ድንቅቱ ብትለምን፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ባለጉዳይ አይገባም ተባለች። እኔ ቤት አድራ በማግስቱ ማለዳ ብንሄድም እርስዎ የፈረሙት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በጓ ያን ጊዜ እግሯን ከፍታ ቆማ ነበር፤ ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ሲነካ ያቃጥል ነበር። ድንቅቱ እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጣ ሞቅ ባለ ውሃ ጨርቅ እያራሰች አሸችላት። የወጣው ደም የቀላቀለ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያቺ በግ አልታለበችም። ግልገሏም ሞተ።

ከእንግዲህ ቁጥሩን ትቼዋለሁ፤ የቀረው ቅሬታ ሳይሆን የሆነው ነገር ነው። አይቡን ድጋሚ ገበያ ይዛ ብትገኝ እንደምትከሰስ በጽሑፍ ስለደረሳት፣ በየቀኑ የምታልበውን ወተት የምታደርግበት አልነበራትም። ለጎረቤት ልጆች ሰጠች፤ ወላጆቻቸው ከለከሏቸው። ለውሻ ሰጠች። የፋሲካ ሳምንት አስሩን እናት በጎች ጊንጪ ገበያ አወጣችና ለሥጋ ተሸጡ። በስልክ ስትነግረኝ እኔ ነኝ የተቆጣሁት። «ጥቂት ብትታገሺ ምናለ» አልኳት።

«እትዬ፣ ሳቁብኝ፣ ቻልኩ» አለችኝ። «ውሸታም ሲሉኝ ግን እጄ በጎቹ ላይ አልሄድ አለኝ። እያለብኩ የሰረቅሁ ይመስለኛል።»

እኔ ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ ተኝቼ የማድር እንዳይመስልዎት። ፋሲካ ዕለት ካስቀመጥሁት የመጨረሻውን ቆርሼ ለልጆቼ ሳቀርብ አንዷ ልጄ አልቀመሰችውም፤ የገበያውን ወሬ ሰምታ ኖሮ። የገዛ ልጄን ማሳመን አቃተኝ።

አሁን ወደ ደስታው ዜና ልለፍ። ሰኔ 22 ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ መጣልን። በሦስት ማህተም የተደገፈ፣ በእርስዎ እጅ የተፈረመ፣ የሚያምር ነው። ኮሚቴው ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ የአዴ ድንቅቱ ጉደታ ምርት «ትክክለኛ የደንዲ የበግ አይብ መሆኑን» አረጋግጧል፤ አምራችነቷም ተመዝግቧል ይላል። በዚህ ሥራ ከጽሕፈት ቤቱ የመጀመሪያዋ የምስክር ወረቀት ባለቤት እንደሆነችም እንኳን ደስ ያለሽ ይላታል።

ደብዳቤው በእኔ አድራሻ ስለመጣ ይዤላት ሄድኩ። ከጊንጪ በባጃጅ እስከሚያስኬደው ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት። ድንቅቱ በሰው ማሳ ላይ ድንች ስትኮተኩት አገኘኋት፤ በቀን ሥራ ነው የምትኖረው። ጭቃ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቆማ አዳመጠችኝ። አማርኛውን ሁሉ ስለማትከተለው ሁለት ጊዜ አነበብኩላት፤ ሁለተኛውን በምችለው ኦሮምኛ እያስረዳሁ።

«እስከ መቼ ነው የሚያገለግለው?» አለችኝ።

«ለአንድ ዓመት። በስድስት ወር ውስጥ ማምረት ካልጀመርሽ ይሰረዛል ይላል።»

ከአስራ አንዱ የቀረችው ያቺ ጡቷ የደረቀችው ብቻ ናት፤ ገዢ ስላላገኘች። ከማሳው ዳር ሣር ትግጥ ነበር። ድንቅቱ ወደ እሷ አየችና ፈገግ አለች፤ በሳቅ ለመጨረስ የፈለገች ይመስለኛል፣ ግን አልሆነላትም። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ።

«እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ» አለችኝ። «የእኔ ቤት ያፈሳል።»

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ትክክለኛው የደንዲ የበግ አይብ የምስክር ወረቀት አሁን በእኔ ቤት፣ በቁም ሣጥኔ ውስጥ ይገኛል። አይቡ ግን የለም። የኢብሳ ሱቅ ጡቦች ግን ዛሬም አሉ፣ ማስታወቂያዎም በገበያው በር ላይ አለ፤ ዝናቡ ዳር ዳሩን ቢያረጥበውም ይነበባል።

የምለምንዎ ሦስት ነገር ነው። ማስታወቂያውን ያንሱልን። ያ አስራ አራት አይብ ሐሰተኛ እንዳልነበረ በዚያው ገበያ በር ላይ፣ በዚያው መጠን ፊደል ጽፈው ይለጥፉልን፤ ስሟ የጠፋው እዚያ ነውና የሚመለሰውም እዚያ ነው። ሦስተኛውን ለመጻፍ ብዕሬ ከበደኝ፦ አስር እናት በጎች የምትመልስላት የመንግሥት ደንብ እንደሌለች አውቃለሁ፤ ቢሆንም ዳገቱን ወጥተው፣ ደብዳቤ ሳይሆን እርስዎ ራስዎ ቆመው፣ «አዴ፣ ተሳስተናል» ቢሏት ብዬ ነው። መንገዱ ጭቃ ነው። እኔ በስልሳ አራት ዓመቴ ወጥቼዋለሁ።

ለሰጡን ትምህርት፣ ለመቱልን ማህተም፣ በጓንም በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ለመልቀቅ ላሳዩት ቸርነት ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ፈጣሪ ሥልጣንዎን ከእንስሳት ሁሉ እንዲያርቅልዎ የምትጸልይ፣

ትሑት ባለጉዳይዎ
አሰፋሽ ውባየሁ
ጡረተኛ የባልትና መምህርት

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ቅዳሜ የተከበሩት ባለቤትዎ በባጃጅ ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። ከዞን እንግዶች ስላሉባችሁ ከዚያች ከደንዲ ሴትዮ አይብ የተረፈኝ ካለ እንድሸጥላቸው በአክብሮት ጠየቁኝ። የለኝም አልኳቸው፤ «የኢብሳው ሱቅ በመንገድዎ ላይ ነው፣ በኦቦ መርጋም የተረጋገጠ ነው» ብዬ መከርኳቸው። እሳቸውም «ኧረ እትዬ፣ እሱማ ያንን አይበላም» አሉኝ።